የአስካለ ጥሩምባ

ባለፈው ማክሰኞ የፌርፋክስን አውቶቡስ ተሳፍሬ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ጎልማሳ ፈረንጅ የቫዮሊን ሳጥኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፈተች። የረሳችው ነገር እንዳለ ልታይ ነው መሰለኝ፤ ወዲያው መልሳ ዘጋችው። በዚያች መሃል ግን ያ ሽታ ወጣ። የጥድ ሙጫ። ቫዮሊን የሚመቱ ሰዎች የደጋኑ ጭራ ክሩን እንዲነክስላቸው የሚያሹት፣ ሮዚን የሚሉት ነገር ነው። ኧረ ወዲያ! ሽታው ይዞኝ ሄደ። የምወርድበት የኦሎምፒክ ማዕዘን አልፎ፣ ነቃሁ ስል ዊልሸር ደርሻለሁ። ሴትዮዋ «አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። «ኦኬ ነኝ» አልኳት። ኦኬስ አልነበርኩም። ደስም ብሎኝ ነበር፣ ተናድጄም ነበር፤ በዚህ ዕድሜ ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት።

ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ። ጉልበቴ «ተይ» አለኝ፣ አልሰማሁትም፤ ጉልበቴን መስማት ከጀመርኩ ቤት መቅረቴ ነው። የማወራችሁ ዘመን ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ አሥር ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው። ግን ፌርፋክስ ላይ አሥር ዓመት ብዙ ነው። ያኔ ለሁለት ሰው የሚበቃ በያይነቱ በአሥራ ሁለት ብር ይበላ ነበር። ብር ስል ዶላር ነው፤ እኛ መንገድ ላይ ዶላርን ዶላር የሚለው እንግዳ ብቻ ነው። ታክሲ ነጂዎቹን በስልክ የሚጠራው መኪና ገና ሥራቸውን አልቀማቸውም ነበርና፣ መኪናቸውን ጥግ ጥጉን ደርድረው፣ በነሐሴ ሙቀት የቆዳ ጃኬት ለብሰው ሲከራከሩ ይውላሉ። ሴቶቹ ከቅዳሴ ሲመለሱ በሐበሻ ቀሚስ ላይ ነጭ የስፖርት ጫማ ያደርጋሉ፤ ታኮው በፌስታል ተንጠልጥሎ። የሲዲ ሱቁ በር ላይ ድምፅ ማጉያ ነበረ፤ ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ እኛ እስክንሰለች ነበር የሚያጫውተው። አሁን ሱቁ ጥፍር ቤት ሆኗል። ጥፍር ቤትም መልካም ነው፤ ግን አይዘፍንም።

እኔ አስካለ እባላለሁ። እዚያ መንገድ ላይ «እትዬ አስካለ ማሲንቆ» ነው የሚሉኝ። በእኛ ልማድ ወንዱ ይመታል፣ ሴቷ ትዘፍናለች። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ፤ የማይወድ ጆሮውን ይያዝ። እንዴት ጀመርሽ ለሚለኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ወጣት ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ የቀበሌያችን ኪነት ውስጥ ዘፋኝ ነበርኩ። ካኪ ሸሚዝ፣ ሸራ ጫማ፣ ጸጉሬ ጎፈሬ። ልምምድ ስንጨርስ ሻይ በአሥር ሳንቲም እየጠጣን ማን ማንን እንደሚወድ እናማ ነበር። አንድ ቀን ማሲንቆ መቺያችን ሳይመጣ ቀረ፤ ወዴት ሄደ ተብሎ ያኔ አይጠየቅም። በማግስቱ ትርኢት አለብን። የኪነቱ ኃላፊ ጋሼ ታምሩ ማሲንቆውን ከግድግዳው አውርደው «አስካለ፣ ያዢው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሴት እኮ ናት!» አለ አንዱ። «ጣት አላት አይደል?» አሉት። እኔም ያዝኩት፤ ያዝኩት ነው፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቅኩትም።

ዘመን ዞሮ ዞሮ ሁለታችንንም ሎስ አንጀለስ ጣለን። ጋሼ ታምሩ ዕድሜያቸውን ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረው፣ የፓርኪንግ አለቃ ሆነው ጡረታ ወጡ። ኮፍያቸው አይወልቅም፣ ክራቫታቸው አይላላም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰብለ ምግብ ቤት ትልቁን ጠረጴዛ ከእኩዮቻቸው ጋር ይዘው ይውላሉ። እኔም በዚያው ቤት፣ በለስላሳው ፍሪጅና በመስኮቱ መሃል ባለችው ጥግ፣ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ እመታለሁ። መተዳደሪያዬ እሱ አልነበረም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ኮሪያታውን ውስጥ አንዲት አልጋ የያዙ አሮጊት እጠብቅ ነበር፤ ቤቴም እዚያው ሰፈር፣ ከሁለት ሴቶች ጋር ተጋርተን። አሮጊቷ ስሜን መያዝ አቅቷቸው «ሄሎ» ብለው ነበር የሚጠሩኝ። ስድስት ቀን ሄሎ ነኝ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን እዚያች ጥግ ላይ አስካለ ነኝ። ያቺን ጥግ የሚነካብኝ ሰው ቢመጣ ዓይኑን እንደማላየው ለራሴ ከነገርኩ ቆይቻለሁ።

አንድ እሁድ የደጋኔ ጭራ ተበጣጥሶ አለቀ። የፈረስ ጭራ ነው። ሎስ አንጀለስ ፈረስ ሞልቷል፤ ባለቤቱን ጭራ ስጠኝ ብትለው ግን ፖሊስ ነው የሚጠራብህ። ሰብለ ስልኳን ጎርጉራ «እትዬ አስኩ፣ ፒኮ ላይ ቫዮሊን የሚጠግን ሽማግሌ አለ፣ እስቲ ትራይ አድርጊው» አለችኝ። ሄድኩ። ጠባብ ክፍል፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ አንገት የሌላቸው ቫዮሊኖች፣ ጥጉ ላይ የሚያንኮራፋ ድመት። ሰውዬው እንግሊዛዊ ነው፣ ስሙ ኔድ። በርባንክ የፊልም ስቱዲዮ ውስጥ የውሸት ቤት ሲሠራ የኖረ አናጺ ነበር፤ ፊት ብቻ ያለው፣ ኋላው ባዶ የሆነ ቤት። ጡረታ ሲወጣ ኋላ ያለው ነገር ልሥራ ብሎ ቫዮሊን መጠገን ያዘ። ማሲንቆዬን ከጠቀለልኩበት ነጠላ ስፈታው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

«የቀሩት ሦስት ክሮች የት አሉ?» አለኝ።

«አንዱ ይበቃኛል» አልኩት።

ሳቀ፤ ግን ሳቁ የንቀት አልነበረም፤ የንቀትን ሳቅ አውቀዋለሁ። ጭራውን ቀየረልኝ። እኔም ከቦርሳዬ ቁራጭ ዕጣን አውጥቼ አዲሱን ጭራ አሸሁት። ማሲንቆ መቺ ከጥንት ጀምሮ በዕጣን ነው የሚያሸው፤ ያለዚያ ጭራው ይንሸራተታል እንጂ አይናገርም። ኔድ ዕጣኑን ተቀብሎ አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ የሱን ሙጫ ከመሳቢያ አወጣና አስሸተተኝ። ዛፉ ሌላ፣ ሥራው አንድ። እዚያው ቆመን ተለዋወጥን። አውቶቡስ ላይ ፌርማታዬን ያሳለፈኝ ያ ሙጫ ነው፤ ቅሪቱ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

«አንድ ነገር ላሰማሽ» ብሎ ቫዮሊኑን አነሳ። የመታው ዜማ ያነክስ ነበር። በእውነት ያነክሳል! አንድ እግሩ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፤ ሊወድቅ ነው ስል ይነሳል። ሆርንፓይፕ ይባላል አለኝ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው መርከበኞች የሚጨፍሩበትን ነው፤ ይሄኛው ግን ከዚያ የሚቀድም፣ በሦስት ምት የሚሄድ፣ የአያቶቹ አገር ሰዎች በቫዮሊንና በከረጢት ዋሽንት ይጫወቱት የነበረ ነው። «እንግሊዞቹ ራሳቸው ረስተውታል» አለኝ። «ከረጢቱን ይዤ ስወጣ ሁሉም ስኮትላንድ፣ ስኮትላንድ ይለኛል። እኛም አለን እኮ! እኛም ነበረን!» ጠረጴዛውን በጡጫ መታው፤ ድመቷ ነቃች። የዚያን ጊዜ ነው ሰውዬውን የወደድኩት።

ወለሉን በእግሩ መታ፤ ሦስት ከባድ ምት፣ በያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ትንንሽ። እኔ ደግሞ ጭኔ ላይ የእኛን ጭብጨባ ጀመርኩ፤ ሁለት ከባድ፣ በያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ትንንሽ። የሱም ስድስት፣ የኔም ስድስት! አንዱን እንጀራ እሱ ለሦስት ይቆርሰዋል፣ እኔ ለሁለት። ዓይን ለዓይን ተያየን። የእኛ ግጥምስ ቢሆን? አዝማሪ የሚገጥመው ስንኝ ግማሹ ስድስት ቀለም፣ ግማሹ ስድስት ቀለም አይደል? ያንን አንካሳ ዜማ በአማርኛ ቢዘፍኑበት ልክ እንደተሰፋለት ልብስ ይገባል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመድኩት። ማሲንቆ ቫዮሊኑ የሚወጣበት ድረስ አይወጣም። እሱ ወደ ላይ ሲወጣ እኔ አልከተለውም፤ ከታች ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ፣ መውረዱ አይቀርም። ዜማውን «አንካሳው» ብዬ ሰየምኩት፤ ኔድም «አንካሳው» እያለ ይጠራው ጀመር፤ ቃሉ አፉን ቢያስቸግረውም።

ሰብለ ቤት አንካሳውን የመታሁት ዕለት ገሚሱ ሹካ አስቀምጦ አጨበጨበ፤ ጭብጨባው የራሱ ስለሆነ አልጠፋውም። ጋሼ ታምሩ ግን ከትልቁ ጠረጴዛ ተነስተው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወደ ጥጌ መጡ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የእንግሊዝ ዜማ ነው፣ ጋሼ።»

«አስካለ፣ ማሲንቆ ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ። የኛን እንድትመቺ ነው እንጂ የእንግሊዝ አሽከር እንዲሆን አይደለም።»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ ታምሩ፣ እርስዎ ያስያዙኝ ማሲንቆ አዲስ አበባ ግድግዳ ላይ ቀርቷል። ይሄን የገዛሁት በራሴ ላብ ነው» አልኳቸው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሰውዬው ገረጡ። ለሽማግሌ እንዲህ አይመለስም፤ አውቃለሁ። ግን የተናገርኩት ሐሰት ነበር እንዴ? አልነበረም። ማታውኑ ሰብለ ደወለችልኝ። ሰብለ ልጄ ብትሆን የምትደርስ፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል፣ ከምግብ ቤቱ ኪራይ ጋር የምትታገል ጎበዝ ሴት ናት፤ አልፈርድባትም። «እትዬ አስኩ፣ አፈር ስሆን» አለችኝ፣ «እሁድ እሁድ ቤቱን የሚሞላው የጋሼ ታምሩ ጠረጴዛ ነው። እነሱ ከሄዱ እዘጋለሁ። ሶ፣ ወይ እንግሊዙን ተዪው፣ ወይ...»

«ወይ ምን?»

«ወይ ጥጉን።»

ዜማው ለኔ ምኔ ነው? ብተወው ማን ይሞታል? ግን ዛሬ ይሄን አትምቺ ያለ ነገ ያንን አትምቺ ይላል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሴት መሆኔ ትዝ ይለዋል። «ሰብለ፣ የሚመጣው እሁድ ሰውዬውን ከነመሣሪያው ይዤው እመጣለሁ። ቤቱ ይስማና ይፍረድ። ካልወደዱት ማሲንቆዬን ይዤ እወጣለሁ» አልኳት። «ምን ሊጫወት ነው የሚመጣው?» አለች። «ሆርንፓይፕ» አልኳት። «ሆርን? ጥሩምባ ነው?» ስትለኝ ደንበኛ ጠራት፣ ስልኩም ተዘጋ።

ወይ ጉድ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። እስከ ረቡዕ ወሬው ከኦሎምፒክ ማዕዘን እስከ ታችኛው ባልትና ሱቅ ደርሷል፤ አስካለ እንግሊዝ አምጥታ ሰብለ ቤት ጥሩምባ ልታስነፋ ነው! የአገሬ ሰው ጥሩምባ ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። በማለዳ የዕድር ጥሩምባ ነፊ በየሰፈሩ እየዞረ የሚነፋው፣ እገሌ አርፏል የሚያሰኘው። ባልትና ሻጯ እትዬ ብርቄ መንገድ ላይ አስቁማኝ በሹክሹክታ «ማን ነው የሞተው? አገር ቤት ነው እዚህ?» አለችኝ። አስረዳኋት፤ በከረጢት የሚነፋ፣ የጭፈራ ነገር ነው አልኳት። «እሺ» አለችኝ፤ ፊቷ ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

እሁድ ደረሰ። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ ሰው ጉድ ሊያይ ሲል ሬዘርቬሽን አያስፈልገውም። ጋሼ ታምሩ በቦታቸው፣ ግራጫ ሱፍ፣ ቀይ ክራቫት። እትዬ ብርቄ ጥቁር ነጠላ አዘቅዝቃ መጣች፤ ለማንኛውም ብላ ነው። ኔድ ከረጢቱን በግራ ብብቱ፣ ትንሽ ወናፍ ደግሞ በቀኝ ብብቱ ሸጉጦ ወንበር ሳበ። አዎ፣ ወናፍ! ቀጥቃጭ ከሰል የሚያራግብበት ዓይነት። በአፉ አይነፋም፤ በክንዱ እየጨመቀ ነው ነፋሱን የሚሰጠው። «አፉማ ባዶ ነው!» አለች እትዬ ብርቄ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማት። «በብብቱ ነው እንዴ የሚዘፍነው?»

አንካሳውን ጀመርን። የከረጢቱ ድምፅ እንደ ንብ ይጮሃል፣ ከሥሩ አንድ ድምፅ ሳይቋረጥ ያጉረመርማል፤ ማሲንቆዬ በላዩ ላይ ገባች። አንድ ዙር ሄድን። ወጣቶቹ ትከሻቸው መላወስ ጀመረ። የዚያን ጊዜ ጋሼ ታምሩ ቆሙና እጃቸውን አነሱ።

«ተቀበይ!»

አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይሄ ቃል ምን እንደሆነ ያውቃል። «ተቀበይ» ያለ ሰው ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ሙገሳም ይሁን ስድብ፣ አንዲት ቃል ሳይለውጥ ተቀብሎ ያዜማል። የሚወቀሰው ራሱ አዝማሪው ቢሆንም እምቢ ማለት የለም። እምቢ ያለ ዕለት አዝማሪነቱ አበቃ። ጋሼ ታምሩ ይሄን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ በሰው ሁሉ ፊት በራሴ አፍ ሊያሰድቡኝ ነው። ድምፃቸውን ጠርገው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጡ ሰጡኝ፦

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣
ማሲንቆ አስይዘናት ለእንግሊዝ ዋለች።»

ቤቱ ሳቀ። ግጥሙ ያስቅ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ብብትን ያነሱት ኔድ ብብት ውስጥ ያለውን ከረጢት እያዩ ነው። ሰውዬው ድሮም አንደበተ ርቱዕ ናቸው። ኔድ ምን እንደተባለ አልገባውም፤ ወናፉን ሊያቆም ሲል «አታቁም!» አልኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ዜማ ቀይሮ፣ ስድቡን በለመደው የቤት ዜማ ይወጣዋል። እኔ ግን ያንኑ የተሰደብኩበትን ግጥም በዚያው በተሰደብኩበት በአንካሳው ዘፈንኩት! አንዲት ፊደል አልነካሁም። ስንኙ ሰባትና አምስት ቀለም ነው፣ ያነክሳል፤ ዜማውም ያነክሳል፤ አንካሳ በአንካሳ ላይ ሲሄድ ቀጥ ብሎ አይሄድም መሰላችሁ? የጋሼ ታምሩን አማርኛ እንግሊዙ ተሸክሞት ሄደ። ሳቁ ቀስ እያለ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ሁለተኛ ስደግመው ሰዉ አብሮኝ ያጨበጭብ ነበር። አሁን ተራው የኔ ነው። ዓይኔን ከሳቸው ላይ ሳልነቅል መለስኩ፦

«የብብቴማ አለ፣ አልወደቀም ከቶ፣
ቆጡም የኔ ሆነ፣ እጄ ተዘርግቶ።»

እልልታው ከየት እንደተነሳ አላውቅም። መጀመሪያ ያለችው እትዬ ብርቄ ናት፤ ጥቁር ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች። አንዱ ታክሲ ነጂ ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ ወጣ። እሰይ! እሰይ አልኩ በልቤ፣ ስድሳ ሊሞላኝ ምን ቀረኝ፣ ግን የዚያን ዕለት የሃያ ዓመት ሴት ነበርኩ። ሁሉም ወደ ትልቁ ጠረጴዛ ዞረ፤ ልማዱ ነውና ሰጪው ወይ ይመልሳል ወይ ይሸልማል። ጋሼ ታምሩ አንዱንም አላደረጉም። ኮፍያቸውን ደፉ። «ያቺን ጥሩምባሽን» አሉኝ፣ «ያቺን ጥሩምባሽን እኔ ስሞት አስነፊያት! እስከዚያ ጆሮዬ አይሰማትም!» ብለው ወጡ። ጠረጴዛው ሁሉ ተከትሏቸው ወጣ፤ የተቆረሰው እንጀራ እንደተቆረሰ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ሰብለ ደወለች። እያለቀሰች ነበር። «እትዬ አስኩ፣ ሰዉ ወዶሻል፣ አይቻለሁ። ግን ያ ጠረጴዛ...» አለች። «ገባኝ» አልኳት። ጥጉ ሄደ። አሸንፌ ተባረርኩ ማለት ነው፤ ይሄም አለ ለካ። ማክሰኞም ረቡዕም ከሥራ ስመለስ አልጋ ላይ ሆኜ ግድግዳ አየሁ። አሮጊቷ «ሄሎ» ሲሉኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፋኝ። ሐሙስ ላይ ግን ተነሳሁ። ምን ሆኜ ነው? ጥጉ የሰብለ ነው፤ የእግረኛ መንገዱ የማን ነው?

እሁድ በርጩማዬን በአውቶቡስ ተሸክሜ መጣሁ። ከሰብለ በር ፊት፣ የመኪና ማቆሚያው ቆጣሪ አጠገብ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ኔድም ከነወናፉ መጣ፤ ጠይቄው አይደለም፣ «ዛሬ ከውጭ ነን?» ብቻ አለኝ። አንካሳውን ጀመርን። ሰው ከውስጥ ሳህኑን ይዞ ይወጣ ጀመር፤ ቆሞ እየጎረሰ ይሰማል። በሚቀጥለውም እሁድ እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ሰብለ ሽርጧን እንዳሰረች ብቅ አለች። «ኧረ እትዬ አስኩ፣ ሳህኖቼን በሙሉ መንገድ ላይ ጨረሽብኝ! ግቢ በቃ!» አለችኝ። «ከነአንካሳው?» አልኳት። «ከነአንካሳው፣ ከነከረጢቱ፣ ከነምናምኑ!» ገባሁ። ፍሪጁ ትንሽ ተገፍቶ ጥጌ ሰፍቶ ጠበቀኝ።

ጋሼ ታምሩ ግን ከዚያ ወዲህ የሰብለን ደፍ አልረገጡም። መንገዱን ተሻግረው ትይዩ ካለው ምግብ ቤት የመስኮቱን ጠረጴዛ ያዙ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ «ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?» እላለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ሌላ ቃል የለም። ይቅርታ ጠይቂ ያሉኝ ብዙ ነበሩ። በምኑ? እሳቸውስ? እንዲሁ ተኮራርፈን ዓመታት ሄዱ። አስተናጋጆቹ ሲያወሩ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሽማግሌው ኤር ኮንዲሽነር አይወዱም፣ በብርድም በሙቀትም መስኮቱን አስከፍተው ነው የሚቀመጡት ይላሉ። እኔም የዕድሜ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ባለፈው ማክሰኞ ከዊልሸር ስመለስ እዚያ መስኮት ፊት ቆምኩ። አሁን ስልክ የሚጠገንበት ሱቅ ሆኗል፤ መስኮቱም አንድ ወጥ መስታወት ነው፣ አይከፈትም። መንገዱን ዞሬ አየሁት። ከዚህ እስከ ጥጌ መሃል መኪና ከሚያልፍበት መንገድ ሌላ ምንም የለም። እዚያ ቆሜ ነው ጋሼ ታምሩ ያረፉበት ሰሞን ትዝ ያለኝ።

ድንገት ነበር፤ ከቅዳሴ ተመልሰው ኮፍያቸውን ሳያወልቁ። ከቀብር በፊት ልጃቸው ማህሌት ሰብለ ቤት ድረስ መጣች። እዚህ አገር ተወልዳ ያደገች ነርስ ናት፤ አማርኛዋ ይሰበራል፣ ግን ትደፍራለች። «እትዬ አስካለ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «ሶ፣ አባዬ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለኝ ነበር። ‘ስሞት የአስካለን ጥሩምባ አስነፉልኝ’ ይላል። ጆክ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ሆስፒታል ተኝቶም ደገመው። አንቺ ጥሩምባ ትነፊያለሽ?»

ስልኩን አንስቼ ሎንግ ቢች ደወልኩ፤ ኔድ ጣቱ ስለታመመ ሱቁን ዘግቶ እዚያ ልጁ ዘንድ ገብቶ ነበር። «ከረጢቱ ነፋስ ያፈሳል» አለኝ። «ያፍስስ፣ ና» አልኩት።

ከቀብር መልስ ሰው አዳራሽ ውስጥ ንፍሮ ይዞ ተቀምጧል። ቤተ ክርስቲያኑንም አዳራሹንም አልነካሁም፤ ልማድ አውቃለሁ። በርጩማዬን ውጭ፣ ፓርኪንጉ መሃል፣ ሁለት ነጭ መስመር መካከል አስቀመጥኩ። ዕድሜያቸውን ፓርኪንግ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሳቸውን ቤት ካልን ይሄው ነው። የድሮው ጠረጴዛ ሽማግሌዎች ተንጋግተው ወጡ። «ነውር ነው! ለቅሶ ላይ አዝማሪ? አስካለ፣ አሁንም አልበቃሽም?» አለኝ አንዱ፣ ጣቱን እየቀሰረ።

«ኑዛዜ ነው» አልኩት። «የሰማችው ልጃቸው እዚህ ቆማለች። ኑዛዜ የሚያፈርስ ካለ ይምጣ።»

ማንም አልመጣም። ኔድ ወናፉን ጨመቀ፤ ከረጢቱ እየፈሰሰም ቢሆን ጮኸ። እኔ ጭራውን በዕጣን አሽቼ ገባሁ። መጀመሪያ የሳቸውን ስንኝ ዘፈንኩ፣ አንዲት ቃል ሳልለውጥ፣ ልክ እንደሰጡኝ። ቀጥሎ የኔን። ለቅሶ ላይ ነው ብዬ አላለዘብኩትም፤ ጋሼ ታምሩ ለዘብ ያለ ነገር አይወዱም። እንባዬ እየወረደ መታሁ። አንካሳው ሦስት ጊዜ ዞረ፣ ሽማግሌዎቹም ቆመው ሰሙት።

ስንጨርስ ማህሌት አጠገቤ ተንበረከከች። «ጥሩምባው ይሄ ነው?» አለችኝ።

«አባትሽ ናቸው ጥሩምባ ያሉት። ስሙ ሌላ ነው።»

«ይወደው ነበር?»

ከመንገዱ ማዶ የተከፈተው መስኮት ያኔ ነው በዓይኔ የመጣው። ክረምት ከበጋ፣ እሁድ ከእሁድ።

«አይወዱትም ነበር፣ ልጄ» አልኳት። «አንድም እሁድ አላመለጣቸውም እንጂ።»